ዓይኗ የሄደበት ቦታ

ፒያሳ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ፤ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላሙ ለአንቺም፣ ለባለቤትሽም፣ ለልጆቹም ይድረስ። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ያ ቅባት ካላሻለሽ አትጨነቂበት፤ ከምሠራበት ክሊኒክ ጠይቄ ሌላ እልክልሻለሁ። የጓሮሽ ጎመን በበረዶ እንደተመታ ሰምቼ አዘንኩ። እኔ አልሃምዱሊላህ፣ ከጉንፋን በቀር ምንም አልነካኝም። ጠዋት ጠዋት ከአዲሱ ሰፈር በአውቶቡስ መጥቼ ቴዎድሮስ አደባባይ እወርዳለሁ፤ ከዚያ በእግሬ ነው። አሁን ፒያሳን ብታዪው አታውቂውም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል። ጊዮርጊስ ግን ቦታው ላይ ነው፤ እሱን እያየሁ የእኛ ግቢ የት ጋ እንደነበረ እገምታለሁ።

ስልክ እያለ ምን አስጻፋት ትይ ይሆናል። በስልክ ብጀምርልሽ አንቺ «ተይው እባክሽ፣ ያለፈ ነገር ነው» ትይኛለሽ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እተወዋለሁ። ዓመት ከመንፈቅ እንዲሁ ስተወው ኖሬያለሁ። ወረቀት አያቋርጠኝም። ወረቀቶቹ መጠናቸው የተለያየ በመሆኑ ይቅር በይኝ፤ በየእረፍቴ፣ ባገኘሁት ቁራጭ ላይ ነው የጻፍኩት። እንዳይዘበራረቁብሽ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ስትደውዪ ልጅሽን ተስኒምን ዘንድሮ ትምህርት ቤት አናስመዘግባትም አልሽኝ። አስተማሪዋ «ክፍል ውስጥ ያለው አካሏ ብቻ ነው» እንዳለሽ፣ አባቷም «ውሸት ለለመደች ልጅ ደብተር ምን ያደርግላታል፤ እቤት ትዋልና ሥራ ትልመድ» እንዳለ ነገርሽኝ። ልጅቷ መስከረም ሲገባ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ «እናንተ ታውቃላችሁ» አልኩሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አይጥመኝም። ምዝገባው ጳጉሜን ከመግባቱ በፊት ያልቃል ብለሽኛል፤ ይህን ደብዳቤ የማጣድፈው ለዚያ ነው።

«ውሸት» የሚለው ቃል ከየት ገብቶ ልጅቷ ላይ እንደተለጠፈ አውቃለሁ። ከእኔ ቤት ነው የወጣው።

አስቀድሜ ግን እዚህ ያየሁትን ልንገርሽ። የማጸዳበት ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም አለች፤ ዶክተር ኢየሩስ ትባላለች። አንድ ቦታ መቀመጥና አንድ ነገር ላይ ልብ ማድረግ የሚያቅታቸውን ልጆች ነው የምታየው። እኔ እኮ ይህ ነገር በሐኪም ዘንድ ስም እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። እኛ ቀልብ የለሽ፣ ቅብጥብጥ፣ ስድ ነው የምንለው። እሷ ስድነት አይደለም ትላለች፤ ዓይነ ጥላም አይደለም፤ የእነዚህ ልጆች አእምሮ ሲፈጠርም እንዲህ ነው ትላለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጊዜ ጠብቃ በልጆቹ ዓይን ላይ ጥናት ጀምራለች። ልጁን ኮምፒዩተር ፊት ታስቀምጠዋለች። አገጩን የሚያሳርፍበት ለስላሳ ነገር አለ። ስክሪኑ መሃል ላይ ነጭ ነጥብ ትበራለች፤ ልጁ እሷን ብቻ ማየት አለበት። ከዚያ ዳር ላይ ሌላ ብርሃን ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ልጁ ወደዚያ ዞር ማለት የለበትም፤ የመሃሏ ነጥብ እስክትጠፋ መጠበቅ አለበት። እሷ ስትጠፋ፣ ያ ብርሃን የነበረበትን ባዶ ቦታ አስታውሶ ዓይኑን ወደዚያ ይልካል። ማሽኑ ደግሞ ዓይኑ የሄደበትን ሁሉ በመስመር በመስመር ያስቀምጣል።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን፣ የአንዲት ልጅ እናት ስለዘገየች ዶክተሯ አብሬያት እንድቀመጥ ጠራችኝ። ልጅቷ የተስኒም እኩያ ናት። እግሯ ከወንበሩ በታች አንድ ደቂቃ አያርፍም። ዶክተሯ «ጠብቂ» ስትላት ዓይኗ ሄዷል። እንደገና «ጠብቂ፣ የኔ ቆንጆ» ስትላት ሄዷል። በመጨረሻ ልጅቷ ተናደደችና «እኔ እኮ እየጠበቅኩ ነው፤ ዓይኔ ነው የማይጠብቀኝ!» አለች። ዶክተሯ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ «ዶክተር፣ የነገሯትን እየረሳችው ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «የለም እትዬ፣ ይምጡ እስቲ ይዩት» ብላ መስመሮቹን አሳየችኝ። «ዓይኗ ቸኩሎ ነው እንጂ የሄደው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ብርሃኑ የት እንደነበረ አሳምራ ታውቀዋለች። መጠበቁ ነው ያቃታት።»

መወልወያዬን ይዤ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኗ የሄደው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ይህን አረፍተ ነገር እየደጋገምኩ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ለምን መሰለሽ? እኔም ቤት ውስጥ አንድ ዓይን ወደ ትክክለኛው ቦታ ሲሄድ አይቻለሁ። አንቺም አይተሻል።

ያን ቅዳሜ አስታውሺ። ሰፈራችን ለልማት ሊነሳ ሳምንት ሲቀረው ዕቃ ልታሸክፊልኝ መጥተሽ ነበር፤ ተስኒም ያኔ እኔ ጋ እየኖረች ነበር የምትማረው። የቤቱ ሰነድ ያለበት ሰማያዊው ክላሴር ጠፋ። ሰኞ ምትክ ቤት ልንረከብ ነው፤ ያለ ሰነድ እንዴት እንቀርባለን ብለን ፍራሽ ገለበጥን፣ ድስት ሳይቀር ከፈትን። ከዚያ አንዳችን «ተስኒም!» አልን። አንቺ ትሁኚ እኔ ልሁን አላስታውስም፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ወረቀት ካገኘች ቆርጣ አሻንጉሊት የምትሠራው እሷ ናት። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥናት። አንቺ ፊቷ ቆመሽ «ዓይኔን አይተሽ ንገሪኝ» አልሻት። ዓይኗ አንቺ ላይ አረፈ፤ ወዲያው ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ሄደ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ። ጎረቤታችን እትዬ ምብራት በሩን ተደግፈው «የዚች ልጅ ዓይን የታክሲ ረዳት ነው እንዴ? አንዴ መገናኛ፣ አንዴ መርካቶ!» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። እሷም አብራን ሳቀች። ያ ሳቋ ነው አንቺን ያናደደሽ።

«ላይ ነው ያለው» አለች። የት ላይ ብለሽ ስትጮሂባት፣ «አክስቴ ማዳበሪያ ውስጥ» አለች።

ያኔ እኔ የተናገርኩትን ሳትረሺው አትቀሪም። «ዋሽታ ነው። ማዳበሪያዬ ውስጥ ያለውን እኔ አውቃለሁ። ዓይኗ ሲሸሽ አታዪውም?» አልኩ። አንቺ መታሻት። እኔ አላስጣልኳትም።

አሁን አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ። ያ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የነበረው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው አሮጌ ጨርቅ ይመስልሽ ነበር፤ እኔው ነኝ እንደዚያ ያልኩሽ። ወረቀት ነው ያለው። ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ቆሎ የተቋጠረበት የተማሪ ደብተር ገጽ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣው በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ወረቀት፣ ጫፉ የተቀደደ መጽሔት። ሃያ ዓመት ሙሉ ከየሱቁ፣ ከየመንገዱ ያነሳሁት ነው። ማንበብ የለመድኩት በእሱ ነው። ብዙ ታሪክ አውቃለሁ፤ የአብዛኛው መጨረሻ ግን የለኝም። ከሥሩ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ፊደል እየገለበጥኩ የጻፍኩባቸው ወረቀቶች አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ ነበር የሚመስለው። የዕድሩን ማስታወቂያ የማነበው እኔ፤ ለእትዬ ምብራት ከልጃቸው የሚመጣውን ደብዳቤ የማነበው እኔ። እሳቸው በር ላይ ቆመው እያዩኝ ያንን ማዳበሪያ አውርጄ ልዘረግፍ? አፈርኩ። ሁለት ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ በሁለት ደቂቃ ልጅቷ ትድን ነበር።

ክላሴሩ እዚያ እንዴት ገባ ትይኝ ይሆናል። በዚያው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ክላሴሩን አውጥቼ ወረቀቶቹን ላስተካክል ነበር። መሃሉ ላይ የተሰካ የጋዜጣ ቁራጭ አገኘሁ፤ ስለ ንቦች ነው። እያነበብኩ ተነሳሁ፣ እያነበብኩ ማዳበሪያውን አወረድኩ፣ ቁራጩንም ክላሴሩንም አንድ ላይ ከትቼ መለስኩት። ተስኒም ወለሉ ላይ ተቀምጣ እያየችኝ ነበር። ወላሂ፣ ቅዳሜ ዕለት ይህ ሁሉ ከራሴ ጠፍቶ ነበር። የንቦቹን ነገር ግን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

እዚህ ጋ አቁሜ ባልዲ ልደፋ ሄጄ ነበር። ከዚያ መስኮቱን ጀመርኩ፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ የወደቀ ወረቀት አግኝቼ እሱን ሳነብ ሰዓቱ ሄደ። ይህ አምስተኛው ወረቀት ነው።

ሰኞ የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ ጎረቤት መሰከረልን፣ ቤቱንም አገኘን። ያ ክላሴር ጠፍቶ ማንም ምንም አልጎደለበትም፤ ከተስኒም በቀር። ማክሰኞ ጠዋት ይዘሻት ሄድሽ። ግቢው በር ላይ ስትሰናበተኝ አንገቴን አቅፋ በጆሮዬ የሆነ ነገር አለችኝ። አንቺ «ምን አለችሽ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ፣ እኔ «ቻው አለችኝ» አልኩሽ። ያለችኝ እንደዚያ አልነበረም። «አክስቴ፣ ስትሄጂ ማዳበሪያሽን እንዳትረሺው» ነው ያለችኝ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። «ዋሽታ ነው» ብዬ ያስመታኋት ልጅ፣ እኔን ሰው ፊት ሳታሳፍር እውነቱን በጆሮዬ አስቀምጣልኝ ሄደች።

በሳምንቱ ዕቃዬን አጥናፉ ሲጭንልኝ (ያ የአይሱዙ ሾፌሩ፣ ታውቂዋለሽ) የማዳበሪያው አፍ ተፈታና ሰማያዊው ክላሴር ወለሉ ላይ ወደቀ። አጥናፉ አንስቶ «እትዬ፣ ይሄ አገር ምድሩ ሲፈልገው የነበረው አይደለም እንዴ?» አለኝ። «ዝም ብለህ ጫን» አልኩት። ያን ጊዜ ልደውልልሽ ስልኬን አውጥቼ ነበር። ዕቃው ይግባ፣ ከዚያ እላለሁ አልኩ። ዕቃው ገባ። መጋረጃው ይሰቀል አልኩ። ረመዷን መጣ፣ በረመዷን እንዴት አልኩ። እንዲህ እያልኩ ዓመት አለፈ።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ከሁሉ ይከብደኛል። እሷ ከሄደች በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ብርጭቆ አይሰበርም። አንድ ነገር ጀምሮ ሌላ የሚጀምር የለም፣ ከመሬት ተነስቶ «አክስቴ፣ ዓሣ ይጠማዋል?» የሚለኝ የለም። ተመቸኝ። እውነቱን ብናገር ትመለሳለች፣ ከተመለሰች ጸጥታው ይሄዳል ብዬ ያሰብኩበት ቀን ነበር። እንዳሰብኩት አላህ ያውቃል፤ አንቺም እወቂው።

ማንበብ ሳስጠናት ምን አደርግ እንደነበር አይተሽ አታውቂም። ዓይኗ ከመስመሩ በወጣ ቁጥር አገጯን በሁለት ጣቴ ይዤ ፊቷን መጽሐፉ ላይ እተክለው ነበር። ጣቴን ስለቅቃት ቆዳዋ ላይ ሁለት ቀይ ምልክት ይቀራል። የክሊኒኩ ማሽን አገጭ ማሳረፊያ ለስላሳ ነው ብዬሻለሁ። በየቀኑ በአልኮል የምወለውለው እኔ ነኝ። በወለወልኩት ቁጥር ጣቴ ይታየኛል።

ከትናንት በስቲያ ማሽኑ ተበላሽቶ ተጠገነ። ዶክተሯ «እትዬ፣ መሥራቱን ልይበት፣ አንድ ጊዜ ይቀመጡልኝ» አለችኝ። ስንት ልጅ ሲሠራው አይቻለሁ፤ ምኑ ይከብዳል ብዬ አገጬን አስቀመጥኩ። ነጩን ነጥብ አየሁ። መጠበቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ለሌሎቹ ልጆች ስትነግር ሰምቼ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ዓይኔ ግን አልጠበቀኝም። ሲያልቅ ዶክተሯ መስመሮቹን ስታይ ቆየች። «አልተሠራም እንዴ?» አልኳት። «የለም፣ ማሽኑ ደህና ነው» አለችኝ። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረችና ቀስ ብላ «እትዬ፣ እርስዎ ትምህርት ስንተኛ ክፍል ላይ ነው የተዉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ስምንተኛ እላለሁ ብዬ አፌን ከፍቼ «ሦስተኛ» አልኳት። ለምን እንደተውኩ ጠየቀችኝ። አባታችን ያን ቀን ምን ብሎ እንዳስቀረኝ ነገርኳት። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ሰምተሽዋል፤ እዚህ ላይ አልጽፈውም። ባለፈው ሐሙስ በስልክ ስለ ተስኒም የነገርሽኝም እንደዚያው ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ቁራጭ ወረቀት የማነበው መጽሐፍ አጥቼ ይመስለኝ ነበር።

እህቴ፣ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ተስኒምን አስመዝግቢያት። ወደ እኔ መልሺያት አልልም፤ እንደዚያ የማለት መብት የለኝም። እዚያው ኮምቦልቻ ትማር፣ ግን ትማር። ስለ እሷ ዶክተሯን ጠይቄያታለሁ። ሳላያት ምንም ማለት አልችልም፣ ማሽኑ ብቻውን ልጅ አይፈርጅም፤ ወላጅም መምህርም ተጠይቆ ነው የሚታወቀው አለችኝ። አባቷ ከፈቀደ አምጥተሽ ለዶክተሯ አሳዪያት፤ ከእኔ ጋር ማደር ካልፈለገች እትዬ ምብራት አልጋ አለኝ ብለዋል። እስከዚያው ግን አስተማሪዋ ፊት ወንበር ላይ እንዲያስቀምጣት ንገሪው። አንቺም አምስት ነገር ባንድ ጊዜ አትዘዣት፤ አንዱን ስትጨርስ ሌላውን። በመሃል ተነስታ ብትዞር ተያት፤ ትመለሳለች። እኔ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ስንት ጊዜ እንደተነሳሁ ብታዪ!

«ዓይኔን አይተሽ ንገሪኝ» ደግሞ አትበያት። ዓይኗ ወዴት እንደሚሄድ እይላት።

ይህን ደብዳቤ አባቷ ባለበት፣ እሷም ባለችበት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ዋሽታ ነው ያልኩበትን አትዝለዪው። ለባለቤትሽም አንድ ነገር ንገሪልኝ። ስንት ዓመት «ይህ ቅልብልብነት ከአባቷ ወገን ነው» ስንባባል፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ፣ እኔ አብሬያችሁ ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር። ይቅር በለኝ ብላለች በይው። ከእሱ ወገን አይደለም።

አላህ ጉልበትሽን ይመልስልሽ። ልጆችሽ የጀመሩትን ሁሉ ለመጨረስ ያብቃቸው። የአባታችንንም ነፍስ ይማር፤ የሚያውቀውን ነው ያደረገው። በእኔ ብታዝኚ ሐቅሽ ነው፤ ብትቆጪኝም በስልክ ሳይሆን መጥተሽ ተቆጪኝ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ አጥናፉ ነው። አብሮ ማዳበሪያውን ይሰጥሻል። ስሰጠው «አሁንም ዝም ብዬ ልጫን?» ብሎ ሳቀብኝ። አፉን እንደቋጠርኩት ነው፤ አንቺ አትክፈቺው፣ ለተስኒም ስጫት። ወረቀቱ ሁሉ የእሷ ነው፤ የፈለገችውን ታንብብ፣ የፈለገችውን ቆርጣ አሻንጉሊት ትሥራበት። የእኔንም ጽሑፍ ታየው። ቤቱ ባይኖርም ክላሴሩን እዚያው መልሼ አስቀምጬዋለሁ።

የት እንዳለ ግን አትንገሪያት። ታውቀዋለች።

ታናሽ እህትሽ፣
የተስኒም አክስት